የአባዬ ጠመኔና ያንቺ ሰርተፊኬት

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለሜ፣ እንዴት ነሽ? እንዴት ከርመሻል? ትከሻሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ኮምፒውተር ላይ ተደፍተሽ እየዋልሽ ታባብሺዋለሽ? ብርዱስ እንዴት አድርጎሻል? ወፍራም ካፖርት ገዛሁ ያልሽው እውነትሽን ነው ወይስ እማዬ እንዳታስብ ብለሽ ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ እግሯ ማታ ማታ ያብጣል እንጂ ደህና ናት። አያታችንም ደህና ናቸው፤ ጆሯቸው ግን የሚፈልጉትን ብቻ መርጦ መስማት ጀምሯል። ትንሿ እህታችን ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትናገር ታፏጫለች። እኔም ደህና ነኝ። ካንቺ ናፍቆትና ከአባዬ ሐዘን በቀር የጎደለብን የለም።

ስልክ በደወልሽ ቁጥር «ደህና ነኝ» ብዬ ቶሎ ለእማዬ የማቀብላት ነገር ሳይከነክንሽ አልቀረም። ድምፅሽን ስሰማ የማልፈልገው ነገር ከአፌ እንዳይወጣ ፈርቼ ነው። አሁን ጎረቤታችን ሹፌሩ እናንተ ከተማ የሚኖረውን ልጁን ሊያይ ስለሚመጣ፣ በስልክ ያቃተኝን በወረቀት ልላክልሽ ብዬ ተቀመጥኩ። ነገር ከማስረዘም ከፊት ከፊቱ ልናገረው፤ ቀንቼብሻለሁ። ትንሽ ቢጤ ቅናት አይደለም። ስምሽ ሲነሣ ምግብ የሚያስተወኝ ዓይነት ነው።

የፕሮጀክት ማኔጅመንት ፈተናውን አለፍኩ ብለሽ የደወልሽ ቀን እማዬ መቀሷን አስቀምጣ አለቀሰች። አባዬ ከሞተ በኋላ በደስታ ስታለቅስ ያን ቀን ብቻ ነው ያየኋት። ሰርተፊኬትሽን በፎቶ ስትልኪላት ጽሕፈት ቤት ወስዳ በቀለም አሳተመችው፤ መስታወት ያለው ፍሬም ውስጥም አስገባችው። ከዚያ ወዲያ ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣ ሁሉ ደረቱ ከመለካቱ በፊት ሰርተፊኬቱን ማየት ግዴታው ሆነ። አንዷ ደንበኛ ምን እንደሆነ ብትጠይቃት፣ እማዬ ኮራ ብላ ሥራን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይበላሽ የማድረስ ሙያ ነው፣ እሱን ለማግኘት ልጄ ዓመት ሙሉ አጥንታለች አለቻት። አያታችን ከጥግ ሆነው «ታዲያ ይኼ አባቷ ያለ ወረቀት ሲሠራው የኖረው አይደለም እንዴ?» አሉ። እውነቴን ነው፣ በልቤ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

እማዬ ሚስማር ምታልኝና ልስቀለው ስትለኝ «ይኼ ግድግዳ ሚስማር አይዝም» አልኳት። አባዬ በገዛ እጁ የሠራውን ግድግዳ ሚስማር አይዝም አልኩት። ከሥራ ቦታው ስለማልጠፋና ስለቀጠንኩ «ሚስማር» ብሎ ስም ያወጣልኝ ሰው ያን ቢሰማ ምን ይለኝ ነበር? ፍሬሙን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አስገባሁት፤ ያውም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ።

የቅናቴ ሥር ግን ወረቀቱ አይደለም። እሑድ ከሰዓት ነው። ትዝ ይልሽ እንደሆነ አባዬ ላንቺ የሚደውለው ባላለቀው ክፍል ውስጥ ብሎኬት ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ ከደጅ አሸዋ እነፋለሁ፤ እሱ ከውስጥ ይስቃል። አንድ ሰዓት ሙሉ ታወራላችሁ፤ ከዚያ ፊቱ በርቶ ይወጣና «እህትህ ዛሬ ምን ብላ ጠየቀችኝ መሰለህ?» ይለኛል። እኔ ስጠይቀው ግን መልሱ «እጅህን ከሲሚንቶው አውጣ» ነበር። አባዬን በቀበርን በአምስተኛው ሳምንት ለፈተና መቀመጥሽን ስሰማ፣ ይህች ልጅ ልብ የላትም አልኩ። አንቺ ደግሞ አባዬ ራሱ እንዳታራዝሚው ብሎኛል አልሽ። ያ ይበልጥ አቃጠለኝ። ላንቺ የመጨረሻ ቃሉ «ፈተናውን እንዳታራዝሚ» ሲሆን፣ ለእኔ የመጨረሻ ቃሉ «በሩን ዝጋው፣ ነፋስ ይገባል» ነበር።

በዚያ ላይ ያንቺው ዓይነት ወረቀት አባዬን ምን እንዳደረገው ዓይቻለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ፎርማን ሆኖ ከኖረ በኋላ፣ ኮንትራክተሩ ከእንግዲህ ሥራ የሚመራው ሰርተፊኬት ያለው ነው ብሎ አንድ ወጣት ከላዩ አስቀመጠበት። ሠራተኞቹ «ባለ ወረቀቱ» ይሉታል። እኔ ሰውዬውን ሳላየው ጠላሁት። አባዬ ግን አልጠላውም። ቤት መጥቶ ጫማውን እያወለቀ «ልጁ ይጠይቃል። የሚጠይቅ ሰው አይከፋም» አለ። አንቺን ፈተናውን ተፈተኚ ማለት የጀመረው ከዚያ በኋላ መሆኑን አውቃለሁ። ከእጁ የወጣውን ቦታ ላንቺ ሊያወርስሽ ፈለገ ብዬ አሰብኩ፤ አጠገቡ የቆምኩትን እኔን ግን አላየኝም።

አሁን ወደ ክፍሉ ልምጣ። አባዬ ሲሞት ብሎኬቱ ቆሞ፣ ጣሪያው ለብሶ ነበር። የቀሩት ኤሌክትሪክ፣ ልስን፣ ሊሾና ቀለም ናቸው። የመጨረሻዋን እሑድ፣ ደረቱን ሳያመው በፊት፣ በሰማያዊ ጠመኔው በምሥራቁ ግድግዳ ላይ መስመር አሰመረ፤ ከመስመሩ ጫፍ አራት ማዕዘን ሣለና ሥሩ ጻፈበት። ለእማዬ የስፌት መኪና የሚሆን ሶኬት መግቢያ ነው። ከዚያ በኋላ በዚህ ምድር ላይ ሌላ ነገር አልጻፈም።

እማዬ ነግራሻለች፤ ትምህርት ቤቱ ስድሳ ዩኒፎርም ሊያሰፋ ፈልጎ ነበር። የትምህርት ቤቱ ዕቃ ገዢ መጥታ እማዬ ከአልጋዋ አጠገብ ስትሰፋ አየቻትና፣ ሁለት መኪናና ካውያ በአንድ ጊዜ የሚሠሩበት ቦታ ካለሽ ሥራው ያንቺ ነው፣ ትምህርት ከመከፈቱ ሦስት ሳምንት በፊት ተመልሼ አያለሁ አለቻት። አለበለዚያ ለማዶው ልብስ ሰፊ ትሰጣለች። እማዬ ይህን የነገረችሽ ዕለት አንቺ ያን የሥራ ዕቅድ ላክሽ። እማዬ አሳትማ ስምንት ገጽ ወረቀት በእጄ ሰጠችኝና «አንተ የአባትህን ሥራ ታውቃለህ፤ አንብበህ አሠራው» አለችኝ።

አላነበብኩትም። ከላይ ስምሽንና ከስምሽ ቀጥሎ የማዕረግ ፊደሎችሽን አየሁና አጥፌ የሒሳብ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት። አባዬ ወረቀት አይቶ ቤት ሠርቶ አያውቅም፣ እኔም የሱ ልጅ ነኝ አልኩ። ለእማዬ ግን «አንብቤዋለሁ፣ ጥሩ ነው» አልኳት።

መጀመሪያ የመጣው ኤሌክትሪሻኑ ነበር። መሰርሰሪያውን አውጥቶ ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ሲራመድ ፊቱ ቆምኩ። እዚያ አይነካም፣ የአባቴ ጽሑፍ ነው አልኩት። ሰውዬው ግራ ገባው። ገመዱ በሌላ በኩል ይሂድ ብለው፣ ቱቦው ከቆጣሪው በወለሉ ሥር የሚመጣው በዚህ በኩል ነው አለኝ። ሌላ ቀን ና አልኩት። «አንተ ልጅ፣ ግድግዳ ነው የምንሠራው ወይስ ሙዚየም?» አለና ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ሌላ ሥራው ሄደ። እማዬ የት ሄደ ስትለኝ ቆይቶ ይመጣል አልኳት። እሷም ነገሩ ዕቅዱ ላይ ያለ መሰላት።

ቀጥሎ የመጣው ለሳኝ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ሥራውን አስጀመርኩት። ሁሉን ለስን፣ ይህቺን ግን ዝለላት ብዬ በጽሑፉ ዙሪያ በሚስማር ምልክት አደረግኩለት። «በሌለ መስኮት ዙሪያ ስለስን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» እያለ ሲስቅ ዋለ። ግድግዳው ለስላሳ ሆኖ፣ በመካከሉ የአባዬ ብሎኬት በሰማያዊ ጠመኔው ቀረ። በማግስቱ ሊሾው ፈሰሰ። ሲደርቅ በባዶ እግሬ ገብቼ ሄድኩበት፤ አባዬ ያለ ወረቀት የሚሠራውን እኔም ያለ ወረቀት ሠራሁ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ያንቺ ስምንት ገጽ ታጥፎ ተኝቷል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ቀን አሸነፍኩሽ ብያለሁ።

ከዚያ እማዬና እኔ የስፌት መኪናዋን ተሸክመን አስገባን። እማዬ ገመዱን ይዛ ዙሪያውን ዞረች። አንድ ጊዜ ዞረች፤ ሁለተኛ ዞረች። ገመዱን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት ጠላቴም አይየው።

ኤሌክትሪሻኑን ለምኜ መለስኩት። አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ቱቦው እንዲገባ ከበሩ እስከ ምሥራቁ ግድግዳ ሊሾው መሰበር አለበት፤ ልስኑም እንደዚያው። እሱን ሰብሮ፣ ቱቦ ቀብሮ፣ እንደገና ሞልቶ ለማድረቅ ዘጠኝ ቀን። ሊሾው ተሰብሮ ግድግዳው ገና ሳይቆረጥ ገዢዋ መጣች። ያገኘችው አቧራ የለበሰ መኪናና የቆመች እናት ነው። ደግ ሴት ናት፤ ስድሳውንም አልነጠቀችንም። ሠላሳውን ለእማዬ ትታ ሠላሳውን ለማዶው ልብስ ሰፊ ሰጠች። ስትወጣ እማዬ አልተቆጣችኝም። ጨርቋን እያጠፈች እንዲህ ብቻ አለች፦ «ሁልጊዜ አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ እላችኋለሁ። አንተ ለክተህ ለክተህ መቁረጡን ረሳኸው።»

ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሬን ይዤ ክፍሉ ውስጥ ብሎኬት ላይ ተቀመጥኩና ዕቅድሽን ከፈትኩት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ተራ በተራ ተሰልፏል፤ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያ ልስን፣ ከዚያ ሊሾ። የትኛው የትኛውን እንደሚጠብቅ በቀስት አሳይተሻል። ሕፃን እንኳ ሊስተው አይችልም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚባለው በእኔ ደረሰ። ከዚያ ስድስተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ፤ «ምን ሊያጋጥመን ይችላል?» ብለሽ ሰንጠረዥ የሠራሽበት ላይ። ዝናብ አለ። ሲሚንቶ ቢጠፋ አለ። የእማዬ እግር ቢያማት አለ። አሥራ አንደኛው መስመር ላይ እኔ አለሁ።

አንቺው ጽፈሽዋል፣ ግን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት እንድታውቂ ልድገመው። «ወንድሜ የአባዬን ጽሑፍ አላስነካም ሊል ይችላል» ይላል። በቀጣዩ ሣጥን «ምልክቱ፦ ኤሌክትሪሻኑን ሌላ ቀን ና ይለዋል» ይላል። በመጨረሻው ሣጥን ደግሞ «መፍትሔው፦ አትቆጡት። መጀመሪያ ፎቶ ያንሣው። ከዚያ መዶሻውንና መሮውን ለእሱ ስጡት። ራሱ ይቁረጠው» ይላል።

እታለሜ፣ ባሕር ማዶ ተቀምጠሽ እንዴት አየሽኝ? ከሁለት ወር በፊት፣ እኔ ገና ሳላስበው፣ የምናገረውን ቃል ሳይቀር ጻፍሽው። ስናደድም ሳለቅስም ቆየሁና ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። በየቀኑ ሳየው የከረምኩትን ጽሑፍ ያን ጊዜ ገና አነበብኩት። የአባዬ ጽሑፍ፣ ቀጥ ያለው፣ ጫፉ የሚሰበረው፦ «እዚህ ይቆረጥ።»

እንዲቆረጥ ያዘዘውን እኔ እንዳይቆረጥ ዘብ ቆሜለት ከረምኩ። ፊደሉን እንደ ዓይኔ ብሌን ስጠብቅ ትእዛዙን ጣስኩ።

በማግስቱ ፎቶ አነሣሁት፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለልሽ። መዶሻውንና መሮውን የሰጠችኝ እማዬ ናት። ስመታ «እዚህ» የሚለው ቃል ቀድሞ ወደቀ። «ይቆረጥ» የሚለው ትንሽ ቆየ። አቧራው ዓይኔ ውስጥ ስለገባ የቀረውን በደንብ አላየሁም። መስመሩን ግን አልሳትኩም። ኤሌክትሪሻኑ ጎድጓዳውን በጣቱ ለካና «ይኼማ የፎርማን ልጅ እጅ ነው» አለ። «ሙዚየም» ብሎ የተሳለቀብኝን ይቅር ብዬዋለሁ።

ያን ሰሞን ባለ ወረቀቱ የተረፈ አሸዋ በጋሪ አስጭኖልን መጣ። እኔ ፊቴን አዞርኩበት፤ እሱ ግን አካፋ አንሥቶ ሊሾውን ሊጠግን ገባ። ዕቅድሽን መስኮቱ ላይ አይቶ አነበበው፤ ማን እንዳወጣውም ጠየቀኝ። እህቴ ናት አልኩት፤ እንደዚያ ስል አፌ ውስጥ የሆነ ኩራት ተሰማኝና ገረመኝ። አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ሲደርስ እኔን ቀና ብሎ አየኝ፤ ደግነቱ አልሳቀም። እንዲህ አለኝ፦ «አባትህ በየጠዋቱ ሰብስቦን ዛሬ ምን ሊያበላሽብን ይችላል ይለን ነበር። እኔ ያንኑ ጥያቄ ከመጽሐፍ ነው የተማርኩት። በሱ የሚያስቀናኝ ግን መልሱንም ማወቁ ነው።» አንድ ሰርተፊኬት ያለው ሰው በአባዬ ሲቀና ሰማሁ። ለቀናተኛ ሰው ከዚህ የበለጠ መድኃኒት አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው፣ ወረቀትሽ ምን እንደሚጠቅም የገባኝ ይመስለኛል። አባዬ ጥያቄውን በአፉ ይጠይቅ ነበርና የሚሰማው አጠገቡ የቆመ ብቻ ነው። ሲሄድ ይዞት ሄደ። አንቺ ግን ያንኑ ጥያቄ በመስመር አሰልፈሽ፣ እሱ ሊገባበት የማይችለው ከተማ ድረስ ወስደሽ፣ ከዚያ መልሰሽ ወደ ቤታችን ላክሽው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ሳልሰማው የቀረሁትን አንቺ ከሩቅ ሰማሽው። ያኔ አልታየኝም እንጂ፣ እሑድ ከሰዓት ሲያወራሽ በሩ ክፍት ነበር። ወንፊቱን አስቀምጬ ገብቼ ብቀመጥ ማን ይከለክለኝ ነበር?

ይህን ስልሽ ቅናቴ ለቀቀኝ ማለቴ አይደለም። ያ ሁሉ እሑድ ያንቺ ነው፤ ሰርተፊኬቱም ያንቺ ነው፤ ለእኔ የቀረልኝ በሩን ዝጋው የሚለው ነው። ስለዚህ አንድ ነገር አስቸግርሻለሁ። ምን ምን ይልሽ እንደነበር ጻፊልኝ። የምታስታውሺውን ሁሉ፣ ያሳቀውንም ጭምር። እሑድ እሑድ አንድ ገጽ ቢሆን ይበቃኛል። አንቺ ከጻፍሽልኝ እኔም ከሱ ጋር አብሬ የተቀመጥኩ ያህል ይሆንልኛል።

እማዬ ሠላሳውን ዩኒፎርም ጨርሳ ትናንት አስረከበች። ገዢዋ ስፌቱን ገልብጣ አይታ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው አልጠይቅም አለቻት። ሰርተፊኬትሽም ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ወጥቶ ከሶኬቱ በላይ ተሰቅሏል። ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ። ግድግዳው በደንብ ይዟል። ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ እማዬ አስተካክለው ብትለኝ እምቢ አልኩ። ያቺ ለእኔ ትቅርልኝ።

እማዬ ዓይኗን ከሩቅ ሳምኩት በልልኝ ትላለች፤ ትከሻሽን በሞቀ ጨርቅ እንድትይዢውም አደራ ብላለች። አያታችን ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኑን ሲሰሙ፣ ያለ ወረቀት የሠራው አባቷ ነው፣ በወረቀት የምትሠራው ደግሞ የልጄ ልጅ ናት፣ ሁለቱም ከእኔ ወጡ በላት ብለዋል። ትንሿ እህታችን ጥርሶቿን በፖስታ ልላክላት ብላ ስታስቸግረኝ በስንት ልመና ተመለሰች፤ በጥርሷ ምትክ ስማሻለች። አብራሽ ለምትኖረው ጓደኛሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ፖስታው ውስጥ ከፎቶው ጋር በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ታገኛለሽ። የአባዬ ሰማያዊ ጠመኔ ነው። በሥራ ልብሱ ኪስ ውስጥ የጣት ያህል ተርፋ ነበር፤ ለሁለት ሰበርኳት። ትንሽነቷን አይተሽ መጠርጠርሽ አይቀርምና ሳልዋሽ ልንገርሽ፤ ትልቁን ግማሽ ለራሴ አስቀርቻለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ሚስማር

ከቤታችን፣ ከአዲሱ ክፍል፣ ከምሥራቁ ግድግዳ ሥር
ቅዳሜ ጠዋት፣ ትምህርት ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው